«ስሜቴ ነው»

ነገሩ የተጀመረው አዲስ አበባ ውስጥ፣ አንድ የሥዕል ዐውደ ርዕይ ሲከፈት ነው። ሰኔ 2009 ዓ.ም.። የመክፈቻን ነገር ታውቁት የለ፤ ግማሹ ሰው ጀርባውን ለሥዕሎቹ ሰጥቶ፣ ብርጭቆውን ይዞ ያወራል። ግማሹ ደግሞ ከሥዕሉ አጠገብ የተለጠፈችውን ትንሽ ወረቀት ያነባል። ሥዕሉን የሚያይ አንድ ሁለት ሰው ቢገኝ ነው። እኔም፣ ምን አስዋሸኝ፣ ከወረቀት አንባቢዎቹ ወገን ነበርኩ።

ከአንድ ሰፊ ሸራ ፊት ደረስኩ። ሰማያዊ ነው። ከላይ ጥቁር ለመባል ትንሽ የቀረው ሰማያዊ፣ ወደ መሐል ሲወርድ እየሳሳ አመድማ የሚሆን፣ ከዚያም እንደገና የሚጠቁር። ከታች፣ የሸራውን ጠርዝ ይዘው፣ የቢጫ ቀለም ነጠብጣቦች ተደርድረዋል፤ ሃያ ያህል ይሆናሉ። ወረቀቷ «ርእስ የለውም» ትላለች። ከሥሩ ደግሞ ሠዓሊው ከተፈጥሮ፣ ከውሃና ከውስጣዊ ስሜት ተነስቶ እንደሚሠራ የምትገልጽ አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች። ይህችን ዐረፍተ ነገር ከዚህ በፊት የት እንዳነበብኳት ለማስታወስ ብዙ ታገልኩ። ኋላ ነው የገባኝ፤ በሄድኩበት ሁሉ አንብቤያታለሁ።

አንድ ሸምገል ያሉ፣ ከረባታቸውን ያሰሩ ሰው ሠዓሊውን ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አሉት። ልጁ ትከሻውን ነቅነቅ አደረገና «ስሜቴ ነው» አላቸው። ሰውየው ሸራውን አንዴ፣ ልጁን አንዴ አዩና «ደግ፣ እግዜር ያበርታህ» ብለው ሄዱ። አብሮኝ የነበረው ወዳጄ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ «ስሜቱ ስንት ብር ነው?» አለኝ። ስቀን ልንወጣ ስንል ሸራውን በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። ለዚህ አምድ የምትሆን አንዲት ፌዝ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

መቼም የፌዙ ማሟሻ አልጠፋኝም። እኛ «አብስትራክት» የሚባለውን ሥዕል «ረቂቅ» ብለን ነው የተረጎምነው። ደግሞ ጥሩ ትርጉም ነው። ግን ቃሉ ሁለት ፊት አለው። አንደኛው ረቂቅ የቀጠነ፣ የጠለቀ፣ በእጅ የማይጨበጥ ማለት ነው፤ ነፍስ ረቂቅ ናት እንላለን። ሁለተኛው ረቂቅ ምክር ቤት የሚቀርበው፣ ገና ያልጸደቀው፣ የሚሰረዝና የሚደለዝ ያለበት ወረቀት ነው። ረቂቅ አዋጅ፣ ረቂቅ ደብዳቤ። እናላችሁ፣ ብዙው ሸራችን በመጀመሪያው ትርጉም ይሰቀልና በሁለተኛው ትርጉም ይኖራል። ያላለቀ ነገር «ጥልቅ ነው» እየተባለ። ጠያቂ ሲመጣም «ስሜቴ ነው» ማለት በቂ ነው፤ የሰውን ስሜት ማን ይመረምራል? ሐኪም እንኳ የት ጋ እንዳመመህ ይጠይቃል እንጂ «አመመኝ» ስትለው አጨብጭቦ አይሸኝህም።

ይህንን ስል ግን «ይሄንንማ የኔም ልጅ ይሠራዋል» ከሚሉት ጋር እንዳትቆጥሩኝ። እነሱ ከተሳሳቱ ሃምሳ ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን፣ ከኮሎኝ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1962 ሲመለስና በማግሥቱ ዓመት ሥራዎቹን ሲያሳይ የገጠመው ይኸው ነበር። አገሩን የረሳ ተባለ፣ የፈረንጅ ገልባጭ ተባለ። ሰውየው ግን የአለቃ ደስታ ነገዎ ልጅ ነው። ሐረር ላይ፣ ቀለም በጥብጠው መጻሕፍት በሥዕል ከሚያስጌጡ የቤተ ክርስቲያን ሰው እግር ሥር ያደገ። ሊስትሮውንም ከበሮ መቺውንም ሲፈልግ እንደ ሰው አድርጎ ይሥል ነበር። «ጎልጎታ» ብሎ እ.ኤ.አ. በ1963 የሠራውን ያየ ሰው፣ ስቅለቱ ከምናውቀው ሥርዓት ወጥቶ ቀዩ ቀለም ብቻውን የሚናገርበት ጊዜ ላይ እንደደረሰ ያያል። ያ ሥዕል «ስሜቴ ነው» አይልም። ስለ አንድ ነገር ነው፣ ስለ ደም ነው። ገብረ ክርስቶስ ነገሩን ጥሎ አልረቀቀም፤ ከነገሩ ነው ያረቀቀው፣ ባለሙያ ሴት ከባዘቶ ቀጭን ፈትል እንደምታወጣው። ባዘቶ ከሌለ ግን ምኑ ይፈተላል? ገና ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው፣ እ.ኤ.አ. በ1981፣ ኦክላሆማ በስደት ሞተ። እዚህ ሲያወዛግብ የነበረው ሥራው ዛሬ ከጀርመን ተመልሶ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በስሙ የተሰየመ ማዕከል አለው። ስንቶቻችን ገብተን አይተነው እናውቃለን? ለሱ ሌላ ቀን እንነጋገር። ከጠልሰሙ የተነሳው እስክንድር ቦጎሲያንም ራሱን የቻለ ሌላ ወሬ ነው።

«ኧረ ይሄ ነገር ከባሕር ማዶ የመጣ ነው» ለሚለኝ ደግሞ ወደ ጎንደር ነው የምልከው። በ18ኛው መቶ ዘመን፣ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመንና ከዚያ ወዲህ የሠሩትን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች አስተውሉ። ቅዱሳኑን ለጊዜው ተዉአቸውና ከኋላቸው ያለውን እዩ። ተራራ የለም፣ ዛፍ የለም፣ ደመና የለም። ቢጫው ወደ ቀይ፣ ቀዩ ወደ አረንጓዴ እየደበዘዘ የሚገባ ቀለም ብቻ ነው። ሰማይ ነው? ምድር ነው? አንዱም አይደለም፣ ሁለቱም ነው። ያንን ሲሠሩ ማንም ሰው «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ አልተከራከራቸውም። ምእመኑ ከፊቱ ቆሞ አለቀሰ እንጂ። ስለዚህ ረቂቅ ቀለም ለአገራችን ሰው ዓይን እንግዳ ነው የሚለውን ወሬ አልቀበልም። እንግዳ የሆነበት ከሥዕሉ ጋር የሚመጣው ወረቀት ነው።

ጽሑፉን እዚህ ላይ ጨርሼ ለጋዜጣው ልሰጥ ነበር። መስከረም 2010 ላይ ግን ወደ ሰሜን ተራሮች የመሄድ ዕድል ገጠመኝ፤ ነገሩ ሁሉ ተበላሸብኝ።

ዳባትን አልፈን፣ ደባርቅ አድረን፣ በማግሥቱ ሳንቃ በር ደረስን። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 3,250 ሜትር ያህል ነው። ግራውም ገደል ቀኙም ገደል የሆነ ጠባብ ጀርባ ላይ ነው የምትቆሙት። ሳርና አስታ፣ ሳሩን እየነጩ የሚበሉ ጭላዳዎች፣ ብርድ። ፓርኩ በ1970 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ተብሎ ተመዝግቦ፣ በ1989 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተርታ ገብቶ፣ እኛ ከመሄዳችን ሁለት ወር ቀደም ብሎ ገና ከዚያ መዝገብ መውጣቱ ነበር። ሰዉ ሁሉ ደስ ብሎታል። እኔ ግን የሄድኩት የጅንባርን ፏፏቴ ለማየት ነው። ከአምስት መቶ ሜትር በላይ ይወረወራል ሲሉኝ ከርመዋል።

አብረውን የሄዱት ስካውት ጠመንጃቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው የሚራመዱ፣ ወሬ የማያበዙ ሽማግሌ ናቸው። ገደሉ አፋፍ ላይ ወጥታ ከቆመችው መመልከቻ ስንደርስ ጉም ነው። ጉም ስላችሁ፣ የእጃችሁን ጣት የሚያስቆጥር እንዳይመስላችሁ። ነጭ ግድግዳ ነው። ከውስጡ ግን ድምፅ ይወጣል፤ ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ፣ ከታች ይሁን ከጎን የማይለይ የውሃ ድምፅ። ሩብ ሰዓት ጠበቅን። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። እኔ ተስፋ ቆርጬ ልነሳ ስል «ቆይ ልጄ፣ ከታች የተነሳ ጉም ነው፣ ይከፍታል» አሉኝ።

ከፈተ። ምናልባት እስከ ሃያ ለመቁጠር የሚበቃ ጊዜ ነው። ጥቁር የድንጋይ ግድግዳ፣ በላዩ ላይ እንደ ፈትል የቀጠነ ነጭ መስመር፣ ከታች ምንም። ከዚያ ተዘጋ። ስልኬን አውጥቼ ሳነሳ የተረፈኝ ጉሙ ብቻ ነው። እስካሁን አለኝ፤ ነጭ ፎቶ።

«አየኸው?» አሉኝ።

«አየሁት።»

«ምኑን?»

መልሱ ከአፌ አልወጣም። የተከፈለበት አስጎብኚ ቢጠይቀኝ «ፏፏቴውን» ብዬ በገላገልኩት። ግን ፏፏቴ አላየሁም። የቀረልኝ ነጩ መስመር፣ ያ ድምፅ፣ ከጉልበቴ ወደ ላይ የሚወጣው ብርድና አንድ ዓይነት ፍርሃት ነው። ይህንን ሥለህ አምጣ ብባል ተራራውን ብሥል ውሸት ይሆናል። ነጩን መስመር ብቻ ነው ማምጣት የምችለው። ያን ጊዜ ነው በሰኔ የጻፍኩት ፌዝ ኪሴ ውስጥ መክበድ የጀመረው።

አሜሪካዊቷ ሄለን ፍራንከንታለር እ.ኤ.አ. በ1952፣ በሃያ ሦስት ዓመቷ፣ ካናዳ ውስጥ ኖቫ ስኮሺያ የሚባለውን የባሕር ዳር አገር አይታ ትመለሳለች። ኒው ዮርክ ያለው ክፍሏ ውስጥ ሸራዋን መሬት ላይ ዘርግታ፣ የዘይት ቀለሟን በተርፔንታይን እንደ ውሃ አቅጥና አፈሰሰችበት። ሸራው ማልበሻ አልተቀባም፤ ስለዚህ ቀለሙ ላዩ ላይ ተጋግሮ አልቀረም፣ እንደ ዝናብ ሰረገ። «ተራራዎችና ባሕር» አለችው። ተራራ ልፈልግ ያለ አይቸገርም፣ ባሕርም ልፈልግ ያለ እንደዚያው፤ ግን አንዱንም በጣቱ ሊጠቁም አይችልም። ከሷ በፊት ፈረንሳዊው ሞኔ ራሱ ያስቆፈረው ኩሬ ዳር ተቀምጦ፣ ዓይኑን ሞራ እየጋረደው፣ እ.ኤ.አ. በ1926 እስኪሞት ድረስ ያንኑ ውሃ ሲሥል ኖረ። ሁለቱም ጋ የማየው አንድ ነገር ጊዜ ነው። እሷ ስትሠራ ፈጥናለች፣ ግን አይታ ነው የመጣችው። እሱ አንድ ውሃ ላይ ዕድሜውን ጨርሷል። የኛ ወረቀት ላይ «ተፈጥሮ» ሲባል የትኛው ተፈጥሮ እንደሆነ፣ «ውሃ» ሲባል የየት ወንዝ እንደሆነ አይነገርም። ኧረ ስም ይኑረው! ጅንባር በሉት፣ ቀበና በሉት፣ የቧንቧ ውሃ በሉት።

ወደ ሽማግሌው ልመልሳችሁ። ጉሙ እንደገና እስኪከፍት ስንጠብቅ በእጃቸው ወደ ማዶ አመለከቱኝ፣ ወደ ነጩ ግድግዳ። «ቤቴ እዚያ ነበር» አሉ። «ግጭ። አሁን ደባርቅ ነን።» በ2008 ዓ.ም. ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ከሰፈሩት፣ ከ400 በላይ ከሆኑት የግጭ አባወራዎች አንዱ ናቸው። ሌላ ምንም አልጨመሩም። እኔ ጉም ነው የማየው፤ እሳቸው ቤታቸውን ነው የሚያዩት። ያንኑ አንድ ነጭ ነገር። ማን ነው እንግዲህ «ስሜት» የሚለውን ቃል በነጻ የሚወስደው?

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ምናልባት ዝምታውን ለመስበር፣ ስልኬን አውጥቼ ሥዕሎች አሳየኋቸው። መጀመሪያ የገብረ ክርስቶስን «ጎልጎታ»። አጠፍ ዘርጋ አድርገው ካዩ በኋላ «ይሄ ደም ነው» አሉና መለሱልኝ። እኔ ደስ አለኝ፤ ያልኩት ሆነ። ከዚያ፣ አብረን እንድንስቅ፣ ያንን የሰኔውን ሰማያዊ ሸራ አወጣሁላቸው። ስልኩን ከእጄ ወሰዱት። ፀሐይ እንዳይመታው በጋቢያቸው ጋረዱት፤ ፀሐይ ባይኖርም። ረጅም ጊዜ ያዙት።

«ይሄኛውስ ደግ ነው» አሉ። «ሊነጋጋ ሲል ነው። ሰው ሳይነሳ።»

«በምን አወቁ አባት?»

«በብርዱ ነዋ።»

ቆየት ብለው በጣታቸው ወደ ታችኛው ጠርዝ እያመለከቱ «እኒህ ቢጫዎቹስ?» አሉኝ።

«ለጌጥ ይሆናሉ» አልኳቸው። ቢጫዎቹ ላይ በጽሑፌ ብዙ አሹፌ ነበር፤ ሆቴል መግቢያ ላይ የሚሰቀል ሥዕል ከሶፋው ጋር እንዲሄድ የተደረገ ነው ብዬ።

«የለም። ተሰልፈዋል እኮ» አሉና ስልኩን መለሱልኝ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ላይ ብዙ አለፈ። በ2013 ክረምት ማብቂያ ጦርነቱ ዳባት ድረስ ገብቶ ስንቱን ቤት ባዶ አደረገ። የሽማግሌውን ወሬ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ያቺን «በብርዱ ነዋ» የምትለዋን ቃል ግን ከየትኛውም የጥበብ ሃያሲ መጽሐፍ አላገኘኋትም። እኛ ስለ ሥዕል የምንጽፍ ሰዎች «ቀለማቱ ማራኪ ናቸው»፣ «የተዋሃደ አቀራረብ አለው» ስንል ነው የኖርነው። ማነው ስለ አንድ ሸራ «ይበርዳል» ብሎ የጻፈ?

አዲስ አበባ እንደተመለስኩ ጽሑፉን ቀደድኩት። ጥቅምት ላይ ሠዓሊውን አፈላልጌ አገኘሁት። ዐውደ ርዕዩ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ሸራው አልተሸጠም፣ አንድ ወዳጁ ጋራዥ ውስጥ በሠራት ስቱዲዮ ፊቱን ወደ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አዙሮ አቆመልኝ። ያለ ወይኑና ያለ ጫጫታው ሌላ ሥዕል ነው። የላይኛው ሰማያዊ አንድ ቀለም አይደለም፣ ሰባት ስምንት ጊዜ እየተደራረበ የተቀባ፣ ሥሩ ቡኒ ያለበት ነው። መሐል ላይ ያለው አመድማ ቦታ ደግሞ አልተቀባም፤ ከተቀባ በኋላ በጨርቅ ተጠርጎ የቀረ ነው። ብርሃኑ የመጣው ከመጥረግ ነው። ይህንን በሰኔ አላየሁትም ነበር። ወረቀት ሳነብ።

«የት ያየኸው ነው?» አልኩት።

መጀመሪያ ያችኑ «ስሜቴ» ሊያመጣት ነበር። ፊቴን አየና ተዋት።

«ጋሼ፣ እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው ሌሊት ነበር። ዘጠኝ ሰዓት፣ አሥር ሰዓት ላይ። እናቴ ቦኖ ወረፋ ልትይዝ ስትወጣ ብቻዬን እንዳልፈራ ታስከትለኛለች። ሰዉ ጥግ ጥጉን ይዞ፣ ነጠላውን ተከናንቦ ያንቀላፋል። ቁጭ ብዬ ሰማዩን ሳይ ነው የሚነጋው።»

«ቢጫዎቹስ?»

«ጀሪካኖቹ ናቸው።»

ደሜ ፈላ፤ እውነቴን ነው። «ታዲያ ይህን ሁሉ ይዘህ ለዚያ ሽማግሌ ሰው ስሜቴ ነው ትላለህ? ወረፋ ብትለው ምን ነበረበት? ርእስ የለውም ከምትል!»

ልጁ ግን አልደነገጠም። «እንደዚያ ካልኩማ ጋሼ፣ ሰዉ ጀሪካኑን ነው የሚያየው። አይ የኛ ሰው ችግር ብሎ፣ ከንፈሩን መጥጦ ያልፋል። እኔ ደግሞ ሰማዩን እንዲያዩልኝ ነው የፈለግሁት። እዚያ ቁጭ ብዬ የተቸገርኩ አይመስለኝም ነበር።»

ይህንን ሳስብበት ቆየሁ። የተናገረው ልክ ነው። ከልመና ወረቀት ለማምለጥ ነው የረቀቀው። ግን ከአንዱ ወረቀት ሲሸሽ ሌላ ወረቀት ሥር ገባ። «ተፈጥሮ፣ ውሃ፣ ውስጣዊ ስሜት» የሚለውን ማን እንደጻፈው ጠየቅሁት። አዘጋጆቹ ናቸው አለ፣ ለሁሉም ሠዓሊ አንድ ዓይነት ነው የሚጽፉት። «ውሃ የሚለው ግን እውነት ነው» ብሎ ሳቀ።

እንደገና ወደ ሸራው ተመለስኩ። ሃያሲ ነኝ ካልኩ ፍርዴን መስጠት አለብኝና ሰጠሁ። ከላይ እስከ መሐል ያለው ካየኋቸው የኛ አገር ሥዕሎች ከጥቂቶቹ አንዱ ነው አልኩት፤ ይበርዳል። ወደ ታች ሲወርድ ግን እጁ ቸኩሏል፣ የታችኛው ጨለማ እንደላይኛው አልተደራረበም። ቢጫዎቹም፣ ምን እንደሆኑ ካወቅሁ በኋላ እንኳ፣ በዝተውብኛል። ዓይኔን ከሰማዩ ላይ ይጎትቱታል። አሥር ቢሆኑ ይበቁ ነበር አልኩት።

ልጁ ሥዕሉን፣ ቀጥሎም እኔን ተመለከተ።

«ወረፋው እኮ ረጅም ነበር» አለኝ።